ኪዊዬ አብቦ አብቦ ፍሬ እምቢ ያለበት ምክንያት

ኪዊዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በአበባ ተሸፍኖ አንድ ፍሬ እንኳን አልያዘም። ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ውሃ አበዛሁ፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አበባውን ቀረብ ብዬ አየሁት። መሃሉ ላይ እንደ ጨረር የተዘረጉ ነጫጭ ክሮች፣ ከሥራቸው ደግሞ ትንሽ ፀጉራም ኳስ። ለካ ሴት ናት! የኪዊ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ተክሎች ናቸው፤ ወንዱ ከሌለ ፍሬ የለም።

አጠገቧ ወንድ ተከልኩ። አንዱ ወንድ እስከ 8 ለሚደርሱ ሴቶች ይበቃል፣ ዋናው ነገር ሁለቱ በአንድ ሰሞን ማበባቸው ነው፤ ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ሲያብብ ግን ንቦቹን ብቻ አላመንኩም፤ ጠዋት ጠዋት የወንዱን አበባ እየቀጠፍኩ ዱቄቱን በሴቷ አበባ መሃል ቀስ አድርጌ አሸሁት፣ አንዱ ለአምስት ያህል ይዳረሳል። አበባው ረግፎ እነዚያ ኳሶች ማበጥ ሲጀምሩ ደስታዬን አልችለው አልኩ!