ለጥቅምቱ ማራቶን በሐምሌ ሙቀት ማይል ሲጠራቀም የሚያጋጥም ችግርና መፍትሔው

ይህን የጻፍኩት በዋሽንግተን፣ በአርሊንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ እየኖሩ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ ለሚካሄደው የማሪን ኮር ማራቶን በሰመር ወራት ሳምንታዊ ማይላቸውን ለሚያሳድጉ ሯጮች ነው። ስለ ጫማ ልክ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ማሟሟቂያ አላነሣም፤ 26.2 ማይል ለመሮጥ ከፍሎ የተመዘገበ ሰው ይህን ያህል ያውቃል።

ምልክት፦ በሚያዝያ ይቀል የነበረው ፍጥነት በሐምሌ ያንቃል፤ ሳምንታዊው ማይልም ከ30 አላልፍ ይላል

ቅዳሜ ጠዋት በሮክ ክሪክ ፓርክ አብረውኝ ከሚሮጡ ሰዎች በየዓመቱ የምሰማው አቤቱታ ይኸው ነው። ጠያቂው ጉልበቱን፣ ዕድሜውን ወይም ጫማውን ይጠረጥራል እንጂ አየሩን አይጠረጥርም። በተለይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው፣ «ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስሮጥ የኖርኩ ሰው እዚህ ቆላ ወርጄ እንዴት ይደክመኛል?» ብሎ ይከራከራል። አገር ቤት ሐምሌ ጃኬት የሚያስለብስ ወር መሆኑን ይረሳል።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ስንሮጥ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ልብም ያንን ሙቀት ለማስወጣት ደሙን ለእግር ጡንቻና ለቆዳ ማካፈል ስላለባት፣ ፍጥነቱ ሳይጨምር የምቷ ቁጥር ይጨምራል። ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም፤ የፖቶማክ ዳር አየር ደግሞ በሐምሌ በእርጥበት የተሞላ በመሆኑ ላቡ ሥራውን ሳይሠራ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ በሚያዝያ ቀላል የነበረው የዘጠኝ ደቂቃ ማይል በሐምሌ ቀላል ሩጫ መሆኑ ቀርቶ የውድድር ያህል ጫና ይሆናል። ሯጩ ይህን ሳያውቅ በሳምንት አምስት ቀን ይወዳደራል፤ የተወዳደረ እግር ደግሞ ማይል አይጨምርም።

ታክሲ የሚነዳ አንድ ወንድማችን ይህን ከእኔ አፍ አልቀበልም ብሎ አንድ ሙሉ ሰመር አባክኗል። ማስታወሻውን አምጥቶ ሲያሳየኝ የስድስት ሳምንት ማይሉ 28፣ 31፣ 19፣ 33፣ 12፣ 24 ይላል፤ ፍጥነቱ ግን በሁሉም ቀን፣ ረጅሙን ሩጫ ጨምሮ፣ አንድ ዓይነት ነው። የሚያስፈራው በ20ኛው ማይል አካባቢ ያለው የ14ኛው ጎዳና ድልድይ ነበር፤ በወቅቱ ያልደረሰ ከውድድሩ ይወጣልና። ለዚያ የሚጠየቀው ፍጥነት በማይል 14 ደቂቃ መሆኑን ስነግረው በጣም ተገረመ። በሚቀጥለው ዓመት ሰዓቱን ቤት ትቶ፣ በማይል ወደ አሥር ደቂቃ ተኩል በሚጠጋ ዝግታ ሮጦ፣ በነሐሴ አጋማሽ ያለ አንዳች ሕመም 38 ማይል ደረሰ። መስከረም ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ የዘጠኝ ደቂቃው ፍጥነት ሳይፈልገው ተመለሰለት።

ዝግታን እንደ ውርደት የሚቆጥር ሰው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ታላላቅ አትሌቶቻችን በቀላል ቀናቸው ሲሮጡ ይመልከት፤ ተሰልፈው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ የሚሄዱት ተመልካች እስኪሰለች ድረስ በዝግታ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ያሸነፈበት ማራቶን እንኳ ሙቀቱን ለመሸሽ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን የተጠናቀቀ ነው። ይህን እያወቁ በሐምሌ ቀትር በናሽናል ሞል መካከል፣ ጥላ በሌለበት፣ የሚሮጡ ወገኖቼን ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ፍጥነትን በሰዓት ሳይሆን በትንፋሽ ይለኩ፦ አቡነ ዘበሰማያትን ወይም ፋቲሓን ድምፅ አውጥተው ሳያለከልኩ መድገም ካልቻሉ ሩጫው ቀላል አይደለም። ከመውጣትዎ በፊት በስልክዎ ላይ ዱ ፖይንት የሚባለውን፣ አየሩ በእርግጥ የያዘውን እርጥበት የሚያሳየውን የጤዛ ነጥብ ይመልከቱ፤ በመቶኛ የሚነገረው እርጥበት ንጋት ላይ ሁልጊዜ ከፍ ስለሚል ያሳስታል። የጤዛ ነጥቡ ከ60 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከሆነ እንደ ልብ ይሮጣል፤ 70 ሲያልፍ ግን በየማይሉ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ መጨመር ስንፍና አይደለም። ሰውነት ሙቀቱን የሚለምደው ከአሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና በነዚያ ቀናት ማይል አይጨምሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ወጥተው አንድ ሳምንት ይውረዱ፤ እኔ የምሰጠው አካሄድ 28፣ 31፣ 34፣ ከዚያ 26፣ ቀጥሎ 33፣ 36፣ 39፣ ከዚያ 30 ነው። ረጅሙ ሩጫ የሳምንቱን ሲሶ ብዙም እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ቦታውም ጥላና ለስላሳ መሬት ያለው ይሁን፤ የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በረዶ የያዘ ሣጥን መኪና ውስጥ ትቶ በየአራት ማይሉ ወደ መኪናው መመለስ ከማንኛውም ውድ የውኃ መያዣ ቀበቶ ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ አብሮዎት የሚሮጠው ሰው መንገድ ከሳተ፣ ንግግሩ ከተወላገደ ወይም ከተንገዳገደ ድካም ነው ብለው አይለፉት። ወዲያውኑ 911 ይደውሉ፤ አምቡላንስ እስኪደርስም ጥላ ውስጥ አስገብተው መላ ሰውነቱን በበረዶና በውኃ ያቀዝቅዙ። «ላቡ እየወረደ ስለሆነ ደህና ነው» ማለት ስሕተት ነው፤ በሩጫ የሚመጣው የሙቀት ምት ላብ እየወረደም ይገድላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ክብደት ለመቀነስ ተብሎ የሚለበሰው የላስቲክ ልብስ ይጣል። የሚቀንሰው ውኃ ነው፤ ላቡንም ጨርሶ እንዳይተን ያደርገዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳይጠማ በላይ በላዩ ንጹሕ ውኃ መጋትም በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ለአደጋ ያጋልጣል።

ምልክት፦ ሰዓቱ የልብ ምት 178 ያሳያል፤ ሯጩ ግን ዘና ብሎ እያወራ ነው

በእጅ አንጓ ላይ በብርሃን የሚለካው ርካሽ መሣሪያ የልብን ምት ትቶ የእግርን እርምጃ መቁጠር ይወዳል። በዚህ ፈርቶ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ የነበረን ሰው አቁሜ አንገቱን ይዘን ስንቆጥር 142 ሆነ። ሰዓቱ ጠብቆ ከአንጓው ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ካልተስተካከለ በደረት የሚታሰረው ቀበቶ ይገዛ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ራስ ማዞር ካለ ግን ሰዓቱን መርምሮ ጊዜ ማባከን አይገባም፤ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።

ምልክት፦ ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ እግር ይከብዳል፣ ረጅሙ ሩጫ በግማሽ ይቋረጣል

የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ የሚውለው ማይሉ ከፍ በሚልበት ሰሞን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚውል ሰው ንጋት ላይ 14 ማይል ከሮጠ የወጣውን ውኃና ኃይል ቀኑን ሙሉ አይተካም። የጾሙን ነገር የሚወስነው የንስሐ አባት እንጂ የሩጫ ባልደረባ አይደለም፤ የሩጫውን ነገር ግን ማስተካከል ይቻላል። ከላይ ከጠቀስኳቸው የመውረጃ ሳምንታት አንዱ በጾሙ ላይ እንዲውል ዕቅዱን ከሰኔ ጀምሮ ያመቻቹ። ሩጫውን ከበሉ በኋላ ወደ ምሽት አንድ ሰዓት ያዙሩት፤ ረጅሙን ከአሥር ማይል አያሳልፉ። በሶ በውኃ ተበጥብጦ ጨው ጣል ሲደረግበት በገበያ ከሚሸጠው ባለ ቀለም መጠጥ የማያንስ ነው፤ ምስርና ሽሮም በየቀኑ ይኑር። ውኃ ሳይጠጡ በሙቀት መሮጥ ግን በምንም መልኩ አይፈቀድም።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

የቅልጥም ፊት በሰፊው ሲያም ብዙውን ጊዜ ማይሉ በአንድ ጊዜ ስለ ዘለለ ነው፤ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ይመለሱ። ሕመሙ በጣት በሚነካ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነና ሌሊትም ከቀሰቀሰ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው ዛሬውኑ ይቁም።

ሙቀቱ ለቆ አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላም ድካሙ ካልለቀቀ፣ በተለይ ሴት ሯጮችና ጾም የሚያዘወትሩ፣ የደም ብረትንና በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲንን ያስመርምሩ፤ ሳይመረመሩ የብረት ክኒን አይዋጥ።

ባትና ቋንጃ ሁልጊዜ የሚያሙ ከሆነ ጫማውን ይመልከቱ፤ የካርቦን ሳንቃ ያለበት የውድድር ጫማ ለዕለት ሩጫ አልተሠራም።