ሰው ደብዛው ሲጠፋ፦ ለጎጃም ገጠር ቤተሰቦች የፍለጋና የመዝገብ አያያዝ መመሪያ

ሰው የገባበት ሲጠፋ “የበላው ጅብ አልጮህ አለ” ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጅቡ ጮኾ ነበር፤ የሰማው ሰው ቃል በወቅቱ አልተጻፈም እንጂ። እረኛው ያየውን በሦስተኛው ወር ሲጠየቅ “ያን ሰሞን ነው” ይላል፤ በዓመቱ ደግሞ “ሲሉ ሰምቻለሁ” ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ፍለጋውና ደብተሩ በአንድ ቀን ይጀመሩ። ከቤተሰቡ ጽሕፈቱ የሚነበብ አንድ ሰው ተመርጦ ሌላ ሥራ አይሰጠው።

በመጀመሪያው ቀን

መጨረሻ የታየበትን ቦታ ለዩ። “ከቤት ወጣ” ማለት አይበቃም። ማን አየው? የት ላይ? ወደየት ሲሄድ? ምን ይዞ? ቦታው ሲታወቅ ሕዝቡ ከመርገጡ በፊት ችካል ትከሉና አንድ ሰው ይጠብቀው። ጭቃ ላይ የእግር ዱካ ካለ አጠገቡ እስክርቢቶ አጋድማችሁ ከላይ ፎቶ አንሡት። ከዚያ ሣፋ ድፉበትና ድንጋይ ጫኑበት። በክረምት አንድ ዶፍ ሁሉንም ያጥበዋል።

ለፖሊስ ያኑ ዕለት አመልክቱ። “24 ሰዓት ይሙላው” የሚባለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ወንጀል ሲፈጸም በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱ ላይ የተቀበላችሁ ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምበት፣ ማኅተምም ይምታበት። የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስም ሳትይዙ አትውጡ፤ መርማሪ ሲቀየር ጉዳዩን የሚያስገኘው ቁጥሩ ብቻ ነው።

አሰሳው

ጡሩምባ ተነፍቶ ሕዝቡ በየአቅጣጫው ሲበተን አንዱ ፈፋ አምስት ጊዜ ይታያል፣ ሌላው ጨርሶ አይታይም። በጎጥ በጎጥ ክፈሉት። ለእያንዳንዱ ጎጥ አንድ መሪ ይኑር፤ የታየው ቦታ ድንበር ላይ የጨርቅ ቅዳጅ ይታሰር።

በተርታ ስትሄዱ ርቀቱን መሬቱ ይወስነዋል። በአጨዳ ሰሞን ጤፍ ማሳ ላይ በሰውና በሰው መካከል 5 ሜትር ያህል ይበቃል። በወንበርማና በሜጫ በኩል በቆሎው በነሐሴ ከሰው ቁመት ስለሚያልፍ ለሁለት ትልም አንድ ሰው ያስፈልጋል። በአዊ የዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት) ደን ውስጥ 3 ሜትር አይለፍ። ተጣርታችሁ ለአንድ ደቂቃ ሁላችሁም ዝም በሉ፤ የደከመ ሰው መልስ የሚሰማው በዝምታ ውስጥ ነው።

ሕፃን ከሆነ መጀመሪያ ቤቱን ደግማችሁ ፈትሹ፦ ጎተራ፣ ቆጥ፣ የጭድ ክምር ሥር፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ። ልጅ የማያውቀው ሰው ሲጮኽበት ይደበቃል፤ የምትጣራው እናቱ ትሁን። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋዊ ብዙ ጊዜ ወደ ልጅነት ቀያቸው ያመራሉ። ጥሻ ወይም አጥር እስኪያግዳቸው በቀጥታ ስለሚሄዱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቁጥቋጦ ሥር ይታይ።

ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይውረድ። የታፈነ አየር ፈላጊውንም ሊገድል ይችላል። በቀትር መስታወት ይዛችሁ የፀሐዩን ብርሃን ወደ ታች ብታንጸባርቁት ከባትሪ የተሻለ ያሳያል፤ ውኃ ካለው በሜንጦ ዳስሱ።

በሐምሌና በነሐሴ ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ሙጋ ወይም ብር ወስዶት ከሆነ አስከሬን መጀመሪያ ይሰምጣል፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ ጋዝ ሲቋጥር ነው። የደጋ ውኃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህ ይዘገያል። ብዙ ቤተሰብ በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው ይህን ባለማወቅ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ከታች በኩል ያለውን ዳርቻ ሂዱበት፤ ወንዙ የሚታጠፍበትን፣ ግንድ የተጋደመበትን፣ የድልድይ እግሩን እዩ። ውኃው በጥቅምት ሲጎድል እንደገና ይታሰስ። ዓባይ በረሃ ውስጥ አዞ ስላለ ዋናተኛ አታስገቡ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግጭት ባለበት አካባቢ ዱላና ባትሪ ይዞ በሌሊት የሚንቀሳቀስ ቡድን በሌላ ሊጠረጠር ይችላል። በቀን ሂዱ፤ መሣሪያ አትያዙ፤ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

መልኩን ስትጽፉ

“ቁምጣ ለብሷል፣ ፎጣ ደርቧል” ብትሉ ግማሹን ጎጃም ገለጻችሁ። የሚለየው ሌላ ነው፦ ቁምጣው የተጣፈበት ጨርቅ ቀለም፣ የጎደለው ቁልፍ፣ የኮንጎ ጫማው የተበሳበት ጎን፣ የማተቡ ክር። የወለቀ ጥርስ፣ ወጌሻ የጠገነው ስብራት፣ የግንባር ወይም የአንገት ንቅሳት ከነቦታው ይጻፍ። የክርስትና ስሙንና የቤት ስሙን ጨምሩ። አዲስ አበባ ወይም ሁመራ ከደረሰ ግን “ጎጃሜ” እየተባለ ስሙን ማንም ላያውቀው ይችላል፤ በስም ሳይሆን በፎቶ ጠይቁ።

ያልታጠበ ልብሱንና ማበጠሪያውን በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። ኋላ የዘረመል ምርመራ ቢያስፈልግ ይጠቅማል። የስልኩ ካርቶን ካለ 15 አኃዝ ያለው የቀፎው መለያ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ለመርማሪው ስጡት። ሲም ካርዱን በሌላ አታስተኩ፤ የጥሪ ዝርዝሩን ፖሊስ በሕጋዊ መንገድ ይጠይቅ።

ምስክር እንዴት ይጠየቃል

ይህ ክፍል ነው ከሁሉ የሚበላሸው። “ስንት ቀን ነበር?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ካላወቀው ገምቶ ይነግራችኋል። በዓሉን ጠይቁ፦ “ሚካኤል ከመዋሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የገበያ ቀን ነበር? ጤፉ ታርሞ ነበር? ያን ሰሞን ለቅሶ የማን ቤት ነበር?” ወርኃዊ በዓል በየወሩ ስለሚመላለስ ወሩን የሚለየው የእርሻው ሥራ ነው። ለምሳሌ ምስክሩ “የማርያም ማግስት፣ ከገበያ ስመለስ” ካለ 22 ነው። የዚያ ከተማ ገበያ ቅዳሜ ሆኖ 22 ማክሰኞ ከዋለ ግን አንዱ ተሳስቷል። የእኛ ምክር ገበያውን ማመን ነው፤ ሰው ምን ሸጦ እንደተመለሰ እምብዛም አይረሳም። ሁለቱንም ግን ጻፉ።

“እከሌ አብሮት ነበር?” የሚል ጥያቄ መልሱን ያጎርሳል። “ከማን ጋር ነበር?” በሉ። በዓይኑ ያየውን በአንድ ገጽ፣ የሰማውን በሌላ ገጽ ለዩ፤ ከሰማ ከማን እንደሰማ ይጻፍ።

ሽማግሌዎች እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ (ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያውቀውን የሚያወጣበት ጉባኤ) ይጥሩ ካሉ ሕዝብ መሰብሰቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ሁለተኛው ተናጋሪ የመጀመሪያውን መከተሉ ነው፤ ሃያ ሰው አንድ ነገር ሲናገር ሃያ ምስክር ይመስላል። ከጉባኤው በፊት የእያንዳንዱን ቃል በየቤቱ ውሰዱ፤ በጉባኤው ላይ መልኩን ብቻ አስነግራችሁ “የሚያውቅ ለብቻው ይምጣ” በሉ። በአደባባይ የተጠራ ስም ደም ያቃባል። ስሙ ለመርማሪው ይደርሳል እንጂ ማንም ወደ ሰውየው ደጅ አይሂድ። እርቅ ቢደረግም የግድያ መዝገብ በእርቅ አይዘጋም፤ “ከእንግዲህ ምስክር አንቆምም” የሚል ቃል ግን በእርቁ ውስጥ ሾልኮ ሊገባ ስለሚችል ልብ በሉ።

ሄዶ ከሆነ

ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ታዳጊ ከሆነ የአብነት ትምህርት ቤቶችን ጠይቁ፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፤ የኔታን በልጁ ስም ሳይሆን በአገሩና በመጣበት ወር ጠይቋቸው። ሕመምተኛ ከሆነ ጠበል ቦታዎች፣ ቀጥሎ ሆስፒታልና ማረሚያ ቤት ይታዩ። በግጭት፣ በስደት ወይም በእሥር ለተለያየ ቤተሰብ ቀይ መስቀል በነፃ ያፈላልጋል፤ በቅርብ ያለው ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ወደ ጠንቋይና ኮከብ ቆጣሪ የሚሄደው ብር ለትራንስፖርት ቢውል ይሻላል።

ማስታወቂያው ላይ አንድ ምልክት ሆን ብላችሁ አስቀሩ። “አግኝቼዋለሁ፣ በቴሌብር ላኩ” የሚል ሲደውል ስለዚያ ምልክት ጠይቁት። ካላወቀ ሳንቲም አትላኩ፤ ስልክ ቁጥሩን ለፖሊስ ስጡ። የሞባይል ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አካባቢ መናኸሪያና ወፍጮ ቤት የተለጠፈ ወረቀት ከፌስቡክ ይበልጣል። ቀለሙ በዝናብ ስለሚለቅ በላስቲክ ሸፍኑት።

ዓመት ሲያልፍ

በየስድስት ወሩ በጽሑፍ “ጉዳዩ የት ደረሰ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ የደረሰውም ያልደረሰውም መልስ ይሰነድ። ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣ ወንጀል የክስ ይርጋው 25 ዓመት ነው። ሰውን አስገድዶ መሰወር በሰብእና ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሲሆን ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት ይርጋ የለውም። በድርቅ ወይም በእርሻ ጊዜ አጥንት ቢወጣ አታንሡ፣ አትቅበሩ። ከልሉት፤ ልብስና ጫማውን ባለበት ትታችሁ ፖሊስ ጥሩ።

መሬቱን ሌላ እንዳይዘው ለቀበሌው መሬት አስተዳደር መጥፋቱን በጽሑፍ አሳውቁ፤ የይዞታ ደብተሩን ማንም እንዳይወስደው ጠብቁ። ወሬው ሁለት ዓመት ከጠፋ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት የሚመለከተው ሰው የመጥፋት ውሳኔ ለመጠየቅ ይችላል። አቤቱታው የሚቀርበው ጠፊው መጨረሻ በዋናነት ይኖርበት ለነበረው ቦታ ፍርድ ቤት ነው። የትዳሩ ጉዳይ የሚወሰነውም በዚህ ነው፤ ሚስት ያለ ውሳኔ ብታገባ ኋላ ክርክር ያስከትላል።

ተዝካር ማውጣት የቤተሰቡ ፈንታ ነው። ግን ተዝካር ከወጣ በኋላ ሰው “አለቀ” ብሎ ወሬ ማምጣት ያቆማል። ካወጣችሁ በዚያው ዕለት ፍለጋው እንዳልተዘጋ ለእድርተኛው አስነግሩ፤ ለመርማሪውም መሞቱ እንዳልተረጋገጠ በጽሑፍ ስጡት።