ጣና ዳር ጓሮ ለምትሠሩ፦ ከእባብ፣ ከጦጣና ከጉማሬ ጋር እንዴት ይኖራል?

ጓሮዬ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ከጣና ብዙም ሳይርቅ ነው። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚና ጥቂት ጎመን አለኝ። ጦጣ፣ እባብ፣ አርጃኖ፣ ጃርትና ንብም አለ። አንዳንድ ሌሊት ጉማሬ ይመጣል። በአካባቢው አዲስ ጓሮ የያዙ ሰዎች "ከዚህ ሁሉ አውሬ ጋር እንዴት ነው የሚሠራው?" ይሉኛል። አውሬው እኛን ፈልጎ አይመጣም። ጉዳት የሚደርሰው ዓይናችን ሳያይ እጃችን ወይም እግራችን ሲቀድም ነው። አለዚያም እንስሳው መውጫ ሲያጣ። ሥራዬን ሁሉ የማደራጀው እነዚህን ሁለት ነገሮች እያሰብኩ ነው።

መጀመሪያ ጫማ። በሸበጥ ጓሮ መግባት ይቅር። እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቡት፣ ወፍራም ጓንት፣ ነጣ ያለ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ በቂ ነው። ቡቱን ማታ ዘቅዝቃችሁ እንጨት ላይ ስቀሉት። ጠዋት ሳታራግፉት እግራችሁን አትክተቱ፤ ጊንጥ ጨለማ ቦታ ይወዳል። ዱላ ያዙ ማለት ለጎጃም ሰው አይነገርም። ግን ዱላው ለማንኳኳት ይሁን። ጌሾው ውስጥ ከመግባቴ በፊት መሬቱን ደጋግሜ እመታለሁ። አብዛኛው እባብ ንዝረቱን ሲሰማ ቀድሞ ይሄዳል።

እፉኝት ግን አይሸሽም። አጭርና ወፍራም ነው። ጀርባው ላይ ወደ ጭራው የሚያመለክቱ ጠቆር ያሉ ማዕዘኖች ተደርድረዋል። ደረቅ የማንጎ ቅጠል ላይ ሲተኛ ዓይን ያሳስታል። በመልኩ ተማምኖ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ሲረግጡት ይነክሳል። ብትቀርቡት አየር ስቦ በኃይል እፍ ይላል። ያንን ድምፅ ከሰማችሁ ባላችሁበት ቁሙ። የት እንዳለ በዓይናችሁ ፈልጉ። ካያችሁት በኋላ በመጣችሁበት ዱካ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ።

ባለፈው ክረምት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቡና ሥር ሊኮተኩት ጎንበስ ሲል ጦጣዎቹ ተንጫጩ። "እትዬ፣ ዛሬ ምን ነካቸው?" አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሁሉም ቅርንጫፍ ላይ ቆመው ቁልቁል አንድ ቦታ ላይ አፍጥጠዋል። ጦጣ ለንስር የሚጮኸውና ለእባብ የሚጮኸው ለየቅል ነው። ለንስር ወደ ሰማይ ያያል፣ ለእባብ ወደ መሬት። "ተው፣ እጅህን አትስደድ" አልኩት። በዱላው ጫፍ ጉዝጓዙን ገለጥ ሲያደርገው እፉኝቱ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አልገደልነውም። ቡናውን ለዚያ ቀን ትተን ጎመኑን አረምን፤ በማግስቱ አልነበረም።

እፉኝትን ከመፍራት ማደሪያውን መንሳት ይሻላል። ማገዶውን መሬት ላይ አትከምሩ፤ በድንጋይ ላይ ቆጥ ሠርታችሁ ከፍ አድርጉት። ጉዝጓዙን ከግንዱ ሥር አራቁ፣ የሚራመዱበትን መንገድም ሣሩን አጭር አድርጋችሁ እጨዱት። የዶሮ መኖ ማታ ሜዳ ላይ አይደር። መኖው አይጥ ይጠራል፣ አይጡ ደግሞ እባቡን። ክረምት ላይ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ብልጭ ስትል እባብ መንገድ ላይ ይወጣል። በዚያን ሰዓት ልጆች ባዶ እግራቸውን እንዳይሮጡ።

ሰው ከተነከሰ መብጣት፣ መምጠጥና በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ይቅር። የእፉኝት መርዝ ሥጋ የሚገድል ነው። እግሩን በገመድ አንቃችሁ ካቆያችሁት እግሩን ልታሳጡት ትችላላችሁ። ስለሚያብጥ ቀለበት፣ አምባርና ጫማ ቶሎ አውልቁ። የተነከሰውን እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ሰውየው አይራመድ፤ በባጃጅም ሆነ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የተነከሰበትን ሰዓት ያዙ። የመርዝ ማርከሻው ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይ ስለማይገኝ መንገድ ላይ ሆናችሁ ደውሉና የት እንዳለ ጠይቁ። እባቡን አሳዶ መግደል ጊዜ ማባከን ነው። ከሩቅ በስልክ ፎቶ ማንሳት ከቻላችሁ ይጠቅማል። የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ እንሂድ የሚል ዘመድ አይጠፋም። ጸበሉም ጸሎቱም ይኑር፣ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል። ይህን አጥብቄ የምለው ሰዓቱ ስለማይመለስ ነው። መርዙን ዓይን ላይ የሚተፋም እባብ አለ። እሱ ከገጠማችሁ ዓይናችሁን ሳታሹ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ወደ ጦጣ ልለፍ። ማንጎ ሲደርስ ጦጣውም ይደርሳል። ወንጭፍና ጩኸት ሁለት ቀን ያባርሩታል፤ በሦስተኛው ይለምዳቸዋል። የሚሻለው መቅደም ነው። ማንጎው ግንጩ አካባቢ ያለው ትከሻው ሞላ ካለ ጎምርቷል ማለት ነው። አረንጓዴ ሳለ ከነግንጩ ቁረጡትና ቤት ውስጥ ጭድ ላይ አብስሉት። ፓፓያም ቢጫ መስመር ሲያወጣ ይወርዳል። የወደቀ ፍሬ ጓሮ ውስጥ አይደር። ጦጣ በእጃችሁ አታብሉ፣ እንግዳም እንዳያበላ ንገሩ። እጅ የለመደ ጦጣ ሲከለከል ይናከሳል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። ቤት ውስጥ ከገባባችሁ በሩን ከፍታችሁ ከመንገዱ ዘወር በሉለት።

ጉሬዛ ሌላ ነው። ምግቡ በአብዛኛው ቅጠል ነው፣ ማንጎ ላይ እንደ ጦጣ አይዘምትም። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ ስለተከለከለ ደኑ ከነቡናው ቆይቷል፤ ጉሬዛውም ከደኑ ጋር። የዚያን ጥቁርና ነጭ ጭራ ጓሯችሁ ውስጥ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ።

ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል። በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይበላል። መንገዱን አይቀያይርም፣ ዱካውን ካወቃችሁ ሥራው ቀላል ነው። ግራና ቀኙ ተረግጦ መሃሉ ከፍ ያለ፣ ጋሪ የተመላለሰበት የሚመስል መንገድ ታያላችሁ። ዳር ያለው ቁጥቋጦ ላይ በጭራው የበተነው ፋንድያ ይኖራል። በዚያ መስመር ላይ ጎመንም መደብም አይሠራ። አጥራችሁ መስመሩን ትቶ ይለፍ። ሐይቁ ዳር ያለውን ደንገል አትመንጥሩ። ደንገሉ ለጉማሬው መሸሸጊያ፣ ለወፉ ጎጆ ነው፤ ዳርቻውንም ከመሸርሸር ይጠብቃል። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ሲመዘግበው እንዲህ ያለው ዳርቻም የዚያው አካል ነው።

እኔ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በሐይቁ በኩል አልሠራም። ከንጋቱ 1 ሰዓት በፊትም አልወርድም። የግድ ከሆነ ትልቅ ባትሪ ይዤ፣ እያወራሁ ነው። በጉማሬና በውሃ መካከል መቆም የሕይወት ጉዳይ ነው። ከባድ መስሏችሁ አትዘናጉ፣ ከሰው በላይ ይሮጣል። ድንገት ካያችሁት ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ ልቀቁለትና ዛፍ ወይም ግንብ ተከለሉ። ድንጋይ መወርወር አይሞከርም።

ከጣና ውሃ የምትቀዱ ሰዎች ደግሞ ትንሿን ቀንድ አውጣ አትናቁ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በእሷ በኩል ነው። ባዶ እግር ውሃ ውስጥ መቆም ብቻ ይበቃል። ቡት አድርጋችሁ ቅዱ። ውሃውን ቀንድ አውጣ በሌለበት በርሜል ውስጥ ሁለት ሙሉ ቀን አሳድሩት፤ የበሽታው ትል በዚያ ጊዜ ይሞታል። በርሜሉን ግን ክደኑት፤ ክፍት ውሃ የትንኝ መራቢያ ነው።

ንብ በተመለከተ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያረፈ መንጋ ካያችሁ ተዉት። ያን ጊዜ የሚጠብቀው ጎጆ ስለሌለው ለዘብ ያለ ነው። ጎረቤት ቀፎ የሚሰቅል ሰው ካለ ጥሩት፣ በደስታ ይመጣል። ቀፎ አጠገብ ግን ዛፍ መቁረጥም ሆነ መቆፈር ካለባችሁ ባለቤቱን ይዛችሁ፣ ምሽት ላይ፣ የኩበት ጭስ አጭሳችሁ ይሁን። አንድ ንብ ከነደፈች መንደፊያዋ የሙዝ ሽታ የመሰለ ጠረን ይተዋል፤ ሌሎቹ በዚያ ጠረን ይጠራሉ። ስለዚህ ባለችበት አትጨፍልቋት። ፊታችሁን ሸፍናችሁ በቀጥታ ሩጡና ቤት ገብታችሁ ዝጉ። እሾኹን በጥፍር ጠርጋችሁ አውጡ። የተነደፈው ሰው ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሆስፒታል ነው፣ ሌላ ወሬ የለም።

ገብረ ጉንዳን ክረምት ላይ ይመጣል። ሰልፉን አታቋርጡ። አይጥና በረሮ ጠራርጎ ስለሚሄድ ቢያልፍ ጥቅም አለው። የታሰረ ጥጃና የተዘጋ ዶሮ ግን ቶሎ ፍቱ፤ ማምለጥ ካልቻሉ ይገድላቸዋል። ከቤት ለማራቅ በሩ ላይ አመድ መነስነስ ይረዳል። አባ ጨጓሬ ግንድ ላይ ካያችሁ በጓንት እንኳ አትሹት፤ ፀጉሩ ቆዳ ያቃጥላል።

እስስት፣ ጉጉትና አርጃኖ ያለ ጥፋታቸው ይገደላሉ። እስስት መርዝ የላትም፤ ነፍሳት ለቅማ ትበላለች። ጉጉት ሟርተኛ ስትባል ኖራለች፤ ሥራዋ አይጥ መያዝ ነው። አርጃኖ እንቁላልና ጫጩት ስለሚወስድ የዶሮ ቤቱን ወለል በደንብ ዝጉ። ጥግ ካላስያዛችሁት አይደርስባችሁም፤ ካስያዛችሁት በጭራውም በጥርሱም ይከላከላል።

ጃርት የሚመጣው ለድንችና ለሥራ ሥር ነው። አጥሩን ሲቆፍር ያድራል። የሽቦ መረብ መሬት ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ቅበሩለት። እሾኹን ይወረውራል የሚባለው ትክክል አይደለም። ሲደነግጥ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላው ይሮጣል፤ የተጠጋውን የሚወጋው ያኔ ነው። የድንች ወቅት ሲደርስ ውሻችሁን ማታ እሰሩት። ከተወጋ ደግሞ እሾኹን አትቁረጡት። ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ በፒንሳ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። አፉ ወይም ዓይኑ አካባቢ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።