ስለ ችኩል አይጦች የሚወጣ ጥናት እንዴት ይነበባል?

«ሴሮቶኒን ሲቀንስ ችኩል ያደርጋል» የሚል ነገር ካያችሁ ቶሎ ሼር አታድርጉት (ሴሮቶኒን የአንጎል ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው)። እንዲህ ያለው ወሬ ብዙ ጊዜ ከላቦራቶሪ አይጥ ነው የሚነሳው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፦ አይጧ ምን ብታደርግ ነው ችኩል የተባለችው?

በብዛት የምታገኙት ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ትሬቨር ሮቢንስና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበሩትን ፈተና ነው። አይጧ አምስት ቀዳዳ ካለው ግድግዳ ፊት ለፊት 5 ሰከንድ ያህል ትጠብቃለች፣ ከዚያ ከቀዳዳዎቹ በአንዱ መብራት ለአፍታ ብልጭ ይላል፣ አፍንጫዋን እዚያ ካስገባች ምግብ አለ። መብራቱ ሳይበራ ካስገባች ግን ምግብ የለም፣ ሳጥኑም ለጥቂት ሰከንድ ይጨልምባታል። የችኮላ መለኪያው ይቺ ያለሰዓቷ የገባች አፍንጫ ናት።

ሌላው ፈተና ምርጫ ነው። በአንዱ በኩል 1 ፍሬ ምግብ አሁኑኑ፣ በሌላው 4 ፍሬ ግን ቆይቶ፣ ቆይታውም አንዳንዴ እስከ 60 ሰከንድ ይደርሳል።

ሁለቱንም ችኩልነት ይሏቸዋል፣ አንጎል ውስጥ ግን አንድ አይደሉም። የሴሮቶኒን ነርቮች በኬሚካል ሲጎዱ በመጀመሪያው ፈተና ችኮላው በግልጽ ይጨምራል። በምርጫው ፈተና ግን ምንም ለውጥ ያላገኙ ጥናቶች አሉ። እኔ የፈተናውን ዓይነት ሳላይ መደምደሚያውን አላምንም፣ እናንተም አትመኑ።

ቀጥሎ፣ ጥናቱ ስለ ዕፅ ከሆነ፣ የአንጎል ልዩነቱና ዕፁ የቱ እንደቀደመ እዩ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ጄፍሪ ዳሊና ባልደረቦቹ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡትን ጥናት የምወደው ለዚህ ነው። ገና ኮኬይን ያልቀመሱ አይጦችን አንጎል በስካን ምስል አነሱ። በጣም ችኩሎቹ ኒውክሊየስ አኩምበንስ በሚባለው የአንጎል ክፍል አካባቢ ያሏቸው የዲ2/3 ዶፓሚን ተቀባዮች (ዶፓሚን የተባለውን ሌላ የአንጎል ኬሚካል የሚቀበሉት) መጠን አነስ ብሎ ተገኘ። ኮኬይን በራሳቸው እንዲወስዱ ሲፈቀድ ደግሞ ችኩሎቹ አብዝተው ወሰዱ። ልዩነቱ ከዕፁ በፊት ባይለካ ኖሮ ዕፁ ያመጣው ነው ልንል እንችል ነበር።

አንድ መድኃኒት «ችኮላን ቀነሰ» ከተባለ ደግሞ የጥናቱን የውጤት ሠንጠረዥ ፈልጉ። አይጧ ሳትመልስ ያለፈቻቸው ዙሮች በዝተዋል? ምግቡን ለማንሳትስ ዘግይታለች? ሁለቱም ከጨመሩ መድኃኒቱ ትዕግሥት አልሰጣት ይሆናል፣ አደንዝዟት ወይም የምግብ ፍላጎቷን ዘግቶት ሊሆን ይችላል።