የሐዋሳ ሐይቅን ሙቀት እስከ ጥልቁ የሚለካ መሣሪያ እንዴት ይሠራል?

የሐዋሳ ሐይቅ ከዳር ሲታይ አንድ ወጥ ውሃ ይመስላል፤ ነገር ግን ፀሐይ የሚያገኘው የላይኛው ክፍል ከታችኛው ይሞቃል። ልዩነቱ ሲሰፋ ሁለቱ በቀላሉ ስለማይቀላቀሉ የታችኛው ውሃ ኦክስጅን እያነሰው ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ ለዓሣው የሕይወት ጉዳይ ነው። ልዩነቱን የሚያሳይ መለኪያ በቤትዎ መሥራት ይችላሉ።

ባለ 10,000 ኦም ተርሚስተር፣ እኩል መጠን ያለው ሬዚስተር፣ አርዱይኖ ኡኖ ቦርድ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ 25 ሜትር ባለ ሁለት ሽቦ ኬብልና ኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ያዘጋጁ። ተርሚስተር ሲሞቅ ተቃውሞው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግድበት በኦም የሚለካ መጠን፣ የሚቀንስ ትንሽ ፍሬ ነው። ተቃውሞው ከፍተኛ ስለሆነ የኬብሉ ርዝመት የሚጨምረው ጥቂት ኦም ልኬቱን አያዛባም።

ተርሚስተሩን በኬብሉ ጫፍ ላይ ያያይዙ። በኬብሉ ሌላኛው ጫፍ፣ ሬዚስተሩን ከቦርዱ 5 ቮልት፣ ተርሚስተሩን ከቦርዱ ግራውንድ ጋር ያገናኙ። ሁለቱ የሚገናኙበትን ነጥብ ቦርዱ ቮልቴጅ ወደሚያነብበት ኤ0 (A0) ወደሚባለው መግቢያ ያስገቡ። ቦርዱ ከ0 እስከ 1023 የሚደርስ ቁጥር ይሰጣል፤ 512 አካባቢ ካነበበ ተርሚስተሩ 10,000 ኦም ገደማ፣ ሙቀቱም 25 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ውሃ ሲገባ ነው። የተርሚስተሩን ሁለት እግሮች ለየብቻ ይሸፍኑ፤ ከዚያ ጫፉን በሙሉ በኤፖክሲ ይድፈኑ። የሐይቅ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጥቂት እንኳ ከገባ ተቃውሞው ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ቀዝቃዛውን ውሃ ሞቃት ነው ይላል። ጫፉን ባልዲ ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት ኬብሉን ከቦርዱ ነቅለው በሽቦውና በባልዲው ውሃ መካከል በቴስተር ይለኩ፤ ቴስተሩ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም።

ቀጥሎ ማስተካከል ነው። ያልተስተካከለ መሣሪያ ቁጥር ይናገራል እንጂ አይለካም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በደንብ የተፈጨ በረዶ ከጥቂት ንጹሕ ውሃ ጋር እያማሰሉ 0 ዲግሪን ይያዙ። ሁለተኛው ነጥብ ለብ ያለ ውሃ ነው፤ የትኩሳት መለኪያ አብረው ነክረው 37 ዲግሪ ላይ ያነጻጽሩ። ሦስተኛው የፈላ ውሃ ነው። መጻሕፍት 100 ዲግሪ ቢሉም፣ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። 100 ብለው ከመዘገቡ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ሁሉ ይዋሻል። ጫፉ የድስቱን ታች እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ሦስቱን የተቃውሞና የሙቀት ጥንዶች ተቃውሞን ወደ ሙቀት በሚቀይረው በስታይንሃርትና ሃርት ቀመር አስልተው ውጤቱን በፕሮግራሙ ውስጥ ይጻፉ።

ኬብሉን በየሜትሩ ምልክት አድርገው ጫፉ ላይ ክብደት ይሰሩለት። ሐይቁ በሚረጋበት ማለዳ በጀልባ ይውጡ፤ በየሜትሩ ቁጥሩ መለዋወጡን እስኪያቆም ጠብቀው ሰዓቱን፣ ጥልቀቱንና ሙቀቱን ይመዝግቡ። ኬብሉን ሲስቡም እንደገና ይለኩ። በአንድ ጥልቀት ላይ ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ ጫፉ የውሃውን ሙቀት ሳይይዝ አንብበዋልና የሚጠብቁበትን ጊዜ አስረዝመው ይድገሙት።