ሴሉሌዙ ጀምሮ ሲቆም፦ ችግርና መፍትሄ

ሴሉሌዝ የእጽዋት ፋይበር ውስጥ ያለውን ሴሉሎስ ቆርጦ ስኳር የሚያደርግ የኢንዛይሞች ስብስብ ነው። ፒኤቹ 5 አካባቢ መሆኑን፣ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን፣ የኢንዛይሙም ጊዜ እንዳላለፈ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ያላየ መጀመሪያ እሱን ይይ። የማወራው ትራይኮደርማ ሪሴይ ከሚባለው ፈንገስ ስለሚገኘው ሴሉሌዝ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሠራው በእሱ ነውና።

መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቀጥ ይላል

ወደ እኔ ከሚመጣው አቤቱታ አብዛኛው ይሄ ነው። ጠዋት ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ግራፉ ይተኛል። ገና ብዙ ያልተነካ ፋይበር ቱቦው ውስጥ አለ። የሁሉም ፍርድ አንድ ነው፦ "ኢንዛይሙ ሞቷል።" ሌላ ይጨመራል፣ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ደግሞ ይቆማል።

አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፣ ታፍኖ ነው። ማን ምን እንደሚሠራ ካያችሁ ይገባችኋል። ከስብስቡ አንዱ ኢንዶግሉካኔዝ ነው፤ መቁረጫው ክፍት ቦይ ነው። ስለዚህ የሴሉሎሱን ሰንሰለት መሃሉ ላይም ቢያገኘው ይቆርጠዋል። ሴል7ኤ የሚባለው ሴሎባዮሃይድሮሌዝ ግን 5 ናኖሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ አለው። የሰንሰለቱን ጫፍ እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባና እየጎተተ፣ በወዲያኛው በኩል ሴሎባዮስ እየቆረጠ ይጥላል። ሴሎባዮስ ሁለት ግሉኮስ የተያያዙበት ስኳር ነው። ፈንገሱ ወደ ውጭ ከሚለቀው ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ ይሄ ሴል7ኤ ነው። እሱ ከቆመ ሥራው ቆመ ማለት ነው።

የሚያቆመው ደግሞ ራሱ የቆረጠው ሴሎባዮስ ነው። የሚያነሳው ሲጠፋ ይከማችና መውጫው ላይ ይቀመጥበታል። ሴሎባዮስን ለሁለት የሚከፍለው ቤታ-ግሉኮሲዴዝ ነው። ትራይኮደርማ እሱን በቁጠባ ነው የሚለቀው፤ ብዙው የሴል ግድግዳው ላይ ይቀራል። ለፈንገሱ እዳው ገብስ ነው። ይሄ ዘር የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰለሞን ደሴቶች የበሰበሰ የጦር ሠራዊት ሸራ ላይ ነው። ሸራው ላይ እያለ ሴሎባዮሱን ራሱ ይበላዋል። ቱቦው ውስጥ ግን ኢንዛይሙ እንጂ ፈንገሱ የለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከቆመው ናሙና ሁለት ልኬት ውሰዱ። ዲኤንኤስ የሚባለው የቀለም ልኬት ማንኛውንም አንጻሪ (ሪዲዩሲንግ) ስኳር፣ ግሉኮስንም ሴሎባዮስንም፣ ይቆጥራል፤ በግሉኮስ ኦክሲዴዝ ኢንዛይም የሚደረገው ልኬት ግን ግሉኮስን ብቻ። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው ዝቅ ካለ ሴሎባዮስ ተከምሯል። ናሙናውን እንደቀዳችሁ ወዲያው አፍሉት! ካላፈላችሁት እስክትለኩት ድረስ ሥራውን ይቀጥልና ቁጥራችሁ ቆሻሻ ይሆናል። ይሄን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት!

መፍትሄው አስፐርጊለስ ናይጀር ከሚባል ሌላ ፈንገስ የተገኘ ቤታ-ግሉኮሲዴዝ መጨመር ነው። አንድ ወዳጄ በጀቱ እስኪያልቅ ሴሉሌዝ ሲደርብበት ከረመ። "ሞተ" ካለው ቱቦ ላይ ትንሽ ቤታ-ግሉኮሲዴዝ ጠብ አደረግንበት። ያው ኢንዛይም፣ ያው ፋይበር፣ በማግስቱ ግሉኮሱ እየወጣ ነበር።

ሌላው ወዳጄ ርካሽ የሴሉሌዝ ዱቄት ገዝቶ መጣ። መለያው ላይ አስፈሪ የዩኒት ቁጥር ተጽፏል። የተለካው በካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ በተለወጠ ሴሉሎስ ነው። እሱ ላይ የሚደምቀው ኢንዶግሉካኔዝ ነው፤ ሴል7ኤ እዚያ ላይ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለእናንተ ፋይበር ግን ምንም አይነግርም። አይንህን ጨፍን ላሞኝህ ነው። የማጣሪያ ወረቀት ልኬት ጠይቁ፦ 50 ሚሊግራም ዋትማን ቁጥር 1 የማጣሪያ ወረቀት፣ 50 ዲግሪ፣ 60 ደቂቃ፣ የሚፈለገው 2 ሚሊግራም ግሉኮስ። ሻጩ ይሄን መስጠት ካልቻለ አትግዙ።

ቤታ-ግሉኮሲዴዝ ጨምራችሁም ወፍራም ድብልቅ ላይ እንደገና ከቆመ፣ አሁን ያፈነው ግሉኮሱ ነው። ግሉኮስ ሲበዛ ቤታ-ግሉኮሲዴዙን ይይዘዋል። ሴሎባዮሱም ተመልሶ ይከመራል፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ወይ ግሉኮስ የሚችል ዓይነት ፈልጉ፣ ወይ እርሾ አብራችሁ ጨምሩና ግሉኮሱን ይብላላችሁ። እርሾው 50 ዲግሪ ስለማይችል ወደ 35 አካባቢ መውረድ አለባችሁ፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ከመጀመሪያውም አይንቀሳቀስም

ፋይበሩን በአሲድ ወይም በእንፋሎት ካዘጋጃችሁ በኋላ ኦቨን ውስጥ አድርቃችሁታል? ጥፋቱ እዚያ ነው። ሲደርቅ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ውሃ ብትመልሱበትም እንደ ድሮው አይከፈቱም። አታድርቁት። "ለመመዘን እንዲመቸኝ ነው" አትበሉኝ። ትንሽ ቆንጥራችሁ አድርቁና እርጥበቱን አስሉ፣ የቀረውን እርጥቡን ተጠቀሙ። የአሲድ ቅሪቱንም እጠቡት።

ፋይበሩ ሊግኒን (እንጨትን የሚያጠነክረው ነገር) ከበዛበት ኢንዛይሙ እሱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቲዊን 20 የሚባለውን ሳሙና መሰል ነገር ወይም የከብት ሴረም አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ቀድማችሁ ጨምሩ።

አዲሱ ቅልቅል ከድሮው አልተሻለም

አዳዲሶቹ ቅልቅሎች ኤልፒኤምኦ አላቸው። መዳብ የያዘ ኢንዛይም ነው፤ የክሪስታሉን ፊት በኦክሲዴሽን ይሰነጥቃል። ኤሌክትሮን የሚሰጠው ነገር፣ ለምሳሌ አስኮርቢክ አሲድ፣ እንዲሁም ኦክስጅን ወይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈልጋል። ቱቦውን አየር አልባ ካደረጋችሁት ብዙ አትጠብቁ። ፒኤቹን በሚጠብቀው ፈሳሻችሁ (ባፈር) ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባለው ብረት ያዥ ኬሚካል ካለ መዳቡን ይነጥቀዋል። ፐርኦክሳይድም ሲበዛ ኢንዛይሙን ራሱን ያበላሸዋል።

የወጣው ግሉኮስ ተመልሶ ይቀንሳል

ባክቴሪያ ገብቶ እየበላው ነው። ድፉትና በንጹህ ዕቃ ጀምሩ።

ፈንገሱ ያድጋል፣ ኢንዛይም ግን የለም

ግሉኮስ ላይ አሳድጋችሁታል። ግሉኮስ ሲያገኝ የሴሉሌዝ ጂኖቹን ይዘጋል። ላክቶስ ወይም ሴሉሎስ ስጡት።

አረፋ በዝቶ ኃይሉ ይወርዳል

ማማሰያውን አለዝቡት። ፕሮቲኑ አየርና ውሃ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ይፈርሳል፤ ፋይበሩ እንዳይዘቅጥ የሚበቃ ዙር በቂ ነው።