ሳይንስን ባር ውስጥ ማውራት፦ ነጻ የሳይንስ ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

የመጀመሪያዋን የሳይንስ ምሽት ሳዘጋጅ ሁሉን አስቤ ነበር። ወንበሩን፣ ማይኩን፣ ማስታወቂያውን። የረሳሁት ኳሱን ብቻ ነው። ተናጋሪዋ ስለ ብላክ ሆል ማስረዳት ከጀመረች 5 ደቂቃ አልሞላትም፣ ከባንኮኒው በኩል «ጎ...ል!» የሚል ጩኸት ቤቱን አናጋው። ግማሹ ታዳሚ ዞረ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። እሷ ግን ማይኩን ዝቅ አድርጋ «ማን አገባ?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ምሽቱም በእሷ ብልሃት ተረፈ።

ሃሳቡ ቀላል ነው። አንድ ተመራማሪ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ነጻ መግቢያ። ሰው ብርጭቆውን ይዞ ይሰማል፣ ከዚያ የፈለገውን ይጠይቃል። ከባዱ ነገር ምሽቱ ሳይታወቅ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት እንዳይሆን መጠበቅ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1992 ማርክ ሶቴ የተባለ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ፓሪስ፣ ባስቲል አደባባይ፣ ካፌ ዴ ፋር ውስጥ ለማንም ክፍት የሆነ የፍልስፍና ወግ ጀመረ። ደንከን ዳላስ የሚባል እንግሊዛዊ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅ ይህን ወደደው። በ1998 ሊድስ ከተማ ላይ ፍልስፍናውን አውጥቶ ሳይንሱን አስገባና «ካፌ ሲያንቲፊክ» አለው። በ2003 ቦስተን ላይ መጠጥ ቤት ውስጥ ንግግር የሚቀርብበት «ነርድ ናይት» ተወለደ። ከዚያ ማይክል ሞትስኪንና ፕራቪን ፖል መጡ፤ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። በ2012 እንደ ፓርኪንሰንና አልዛይመር ያሉ ሕመሞች ያሉባቸውን ሰዎች ላቦራቶሪ ድረስ ጋብዘው ሥራቸውን አሳዩ። ሰው ወደ ላቦራቶሪ ከመጣ፣ ተመራማሪው ወደ ሰው ቢሄድስ? በ2013 «ፓይንት ኦፍ ሳይንስ» በለንደን፣ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ መጠጥ ቤቶች ተጀመረ። ዛሬ በብዙ አገሮች በየዓመቱ ይካሄዳል።

እናንተ ግን የድርጅት ስምም ማህተምም አያስፈልጋችሁም። ሁለት ሦስት ሰው ከሆናችሁ ይበቃል።

1. መጀመሪያ ቤቱን ያዙ

ብዙ ሰው ተናጋሪ ፈልጎ ሲያበቃ ነው ቤት የሚፈልገው። ተቃራኒውን አድርጉ። ቀንና ቦታ የያዘ ሰው ሲጋብዝ፣ ተጋባዡም ቶሎ እሺ ይላል።

ባለቤቱን ስታናግሩ «ዕውቀትን ለማስፋፋት ትብብርዎን» ምናምን እያላችሁ አትጀምሩ። ገበያ የሚቀዘቅዘው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኛው ቤት በሳምንቱ መጀመሪያ ጭር ይላል። «በዚያ ቀን 40 ሰው ይዘን እንመጣለን፣ ክፍሉን በነጻ ስጡን» በሉ። ይህ ልመና አይደለም፣ ንግድ ነው። ወዲያው ይገባዋል።

ከመጨባበጣችሁ በፊት ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ አንድ ነገር አዝዙና ቁጭ በሉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ። የቡና ማሽኑ ያፏጫል? የጁስ መፍጫው ይጮኻል? ዓይናችሁን ግለጡና ደግሞ እዩ። መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሁሉ በተናጋሪው ፊት ነው የሚያልፈው? ዊልቸር የሚጠቀም ሰው መግባት ይችላል? አልኮል የማይጠጣ ሰው ምን ያዝዛል? ቤቱ ወጣቶችን የሚያስገባው ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነም ቀድማችሁ እወቁና ማስታወቂያው ላይ ጻፉት።

ሙዚቃን በተመለከተ «ዝቅ እናደርገዋለን» የሚል ቃል አትቀበሉ። ዝቅ ያለ ሙዚቃ ትንሽ ቆይቶ ራሱን ከፍ ያደርጋል። እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ይጠፋል ወይስ አይጠፋም፣ ያንን ተነጋገሩ። ቴሌቪዥኑም እንዲሁ። ድምፁ ቢዘጋም ስክሪኑ እስከበራ ድረስ ዓይን ይሰርቃል።

ስፋቱ 30፣ ቢበዛ 50 ሰው የሚይዝ ይሁን። ጢም ያለ ትንሽ ክፍል ይሞቃል፤ ግማሹ ባዶ የሆነ አዳራሽ ግን ጥሩውን ተናጋሪም ያቀዘቅዛል። ማይክ ደግሞ የግድ ነው። «የእኔ ድምፅ ይበቃል» የሚል ተናጋሪ ሁሌም አለ። አይበቃም። ብርጭቆ ይንኳኳል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ «አልሰማሁም» ማለት ያፍርና ወሬውን ከጎረቤቱ ጋር ይጀምራል።

2. ተናጋሪውን ምረጡ

ትልቅ ስም አታሳድዱ። ከልምዴ እንደማየው ምርጦቹ የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። ገና ሥራቸው አልሰለቻቸውም፣ ያልሠራላቸውን ሙከራም በሳቅ ይነግሯችኋል። ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል፣ የሜትሮሎጂ ተቋም፣ የውኃ ላቦራቶሪ፣ የግብርና ምርምር ማዕከል፤ ሰው ከየቦታው ይገኛል።

አንድ ፈተና አለችኝ። ደውዬ «ሥራሽን በ2 ደቂቃ ንገሪኝ» እላለሁ። እየሰማሁ ሳላስበው ጥያቄ ከአፌ ካመለጠኝ፣ ያቺ ናት። 2 ደቂቃው አልቆ «በጣም ደስ ይላል» ብቻ ካልኩ ግን ምሽቱ ላይም የሚባለው ያው ነው።

ስትጋብዙ ሁሉንም በግልጽ አስቀምጡ፦ ንግግሩ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ ጥያቄ፤ ስላይድ የለም፤ ክፍያ የለም። የትራንስፖርቷን ግን እናንተ ቻሉ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ በብዙ ቦታ እረፍት ላይ ባርኔጣ ወይም ባዶ ብርጭቆ ይዞራል። የፈለገ ይጥላል፣ ያልፈለገ ያሳልፋል። የሚያዞረው ሰው ዓይን ዓይን እያየ አይቁም። ነጻ ያላችሁት ነገር ነጻ ይሁን።

ርዕስ ከጠፋባችሁ የቀረበላችሁን ብርጭቆ ተመልከቱ። ዊልያም ጎሴት የሚባል ሰው ደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በትንሽ ናሙና ላይ ተመሥርቶ አስተማማኝ ድምዳሜ መስጠት እንዴት እንደሚቻል ሲያስብ ቆይቶ በ1908 ውጤቱን አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና ስሙን «ስቱደንት» አለ። ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው የስቱደንት ቲ-ቴስት ያ ነው። የአሲድን መጠን የምንለካበትን ፒኤች ደግሞ በ1909 ያስተዋወቀው ሶረን ሶረንሰን ነው፤ ኮፐንሃገን፣ ካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ። የኃይል መለኪያ የሆነው ጁል በስሙ የተሰየመለት ጄምስ ጁልም ከቢራ ጠማቂ ቤተሰብ ነው የመጣው። ሳይንስ ወደ መጠጥ ቤት በእንግድነት የሚመጣ እንዳይመስላችሁ።

3. ተለማመዱ፣ ስላይዱንም ቀሙ

ስላይዱ ላይ ብዙዎቹ ይከራከራሉ። «አንድ ግራፍ ብቻ» ይላሉ። አንድ ግራፍ ብቻ ግን ፕሮጀክተር ይፈልጋል፣ ፕሮጀክተሩ ጨለማ ይፈልጋል፣ ጨለማው ደግሞ አስተናጋጁን ያደናቅፋል። ከሁሉ የከፋው ሰው ሁሉ ግድግዳ ማየት መጀመሩ ነው። ግድግዳ የሚያይ ሰው አይጠይቅም። በምትኩ ዕቃ ይዘው ይምጡ፤ ድንጋይ፣ የራስ ቅል ሞዴል፣ ገመድ፣ ፊኛ፣ በእጅ የሚዞር ነገር።

አንድ ልምምድ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ስለ ጋዝና ፈሳሽ ሊናገር መጣና «ዛሬ ስለ ኒውክሊዬሽን የሙቀት ኃይል ሂደት አቀርባለሁ» ብሎ ጀመረ። አስቆምኩት። ፊቱ ጋዝ ያለው ለስላሳ በብርጭቆ ተቀምጧል። «ይኼ ውስጥ ምን ይታይሃል?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «አረፋዎቹ ከአንድ ቦታ ነው የሚነሱት» አለ። እውነቱን ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ አረፋው ከሁሉም ቦታ አይወጣም። ብርጭቆው ላይ ከተጫረች ቦታ ወይም ከተጣበቀች ቀጭን ክር እየተነሳ እንደ መቁጠሪያ ተሰልፎ ይወጣል። ሽቅብ ሲሄድ ደግሞ ይወፍራል፤ በመንገዱ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሰበሰበ ነውና። ሲወፍር ይፈጥናል። ትንሽ ጨው ጣል ሲያደርግበት ብርጭቆው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ እያንዳንዷ የጨው ቅንጣት አረፋ የሚነሳባት ቦታ ሆነችለት። ንግግሩ እዚያው ተገኘ። ምሽቱ ላይ «ብርጭቋችሁን አንሱና ከታች እዩት» ብሎ ጀመረ፣ 40 ሰው ብርጭቆውን ወደ መብራት አነሳ። «ኒውክሊዬሽን» የሚለውን ቃል የተናገረው በ12ኛው ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገሩን አይቶታል፣ የጎደለው ስሙ ብቻ ነበር።

ለርዕሱም እንዲሁ አድርጉ። «የእርሾ ሜታቦሊዝም» ከሚለው ይልቅ «ቢራው ውስጥ ማን ይኖር ነበር?» የሚለው ሰው ያመጣል። ማስታወቂያው ላይ ሁለት ነገር ጎላ ብሎ ይጻፍ፦ መግቢያ ነጻ፤ ምንም የሳይንስ ዕውቀት አያስፈልግም። ከሁሉ የሠራልኝ የማስታወቂያ ቦታ የራሱ የባሩ የመጸዳጃ ቤት በር ነው። ቀልድ አይደለም፣ እዚያ ሰው ሳይቸኩል ያነባል። በማኅበራዊ ሚዲያ «እመጣለሁ» ያለውን ሁሉ ግን አትቁጠሩ። ነጻ ነገር ላይ መቅረት ቀላል ነው።

4. ምሽቱ

አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ማይኩን ሞክሩ። ወንበሮቹን በረድፍ አትደርድሩ፣ ጠረጴዛዎቹ እንዳሉ ይቆዩ። አስተናጋጆቹ በ20ዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ሂሳብ እንዳይሰበስቡ ተነጋገሩ። ተናጋሪዋ ከንግግሩ በፊት ምናልባት አንድ ብትጠጣ ነው፤ ግብዣውን ለኋላ አቆዩላት።

20 ደቂቃው ሲያልቅ አስቁሙ። በምንም ምክንያት አታራዝሙ። ከዚያ ሙሉ ሩብ ሰዓት እረፍት ስጡ።

ጀማሪ አዘጋጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንን እረፍት ነው፣ «ጊዜ እንዳይባክን» ብሎ። እኔ ከንግግሩ ብቆርጥ እመርጣለሁ። ንግግር እንዳለቀ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጸጥታ። ሁሉም ጫማውን ያያል። ጥያቄ ጠፍቶ አይደለም፣ «ሞኝ ጥያቄ ቢሆንብኝስ» የሚል ፍርሃት ነው። እረፍት ሲሆን ግን ሰው መጠጥ ለማዘዝ ይነሳል፣ ወደ ጎኑ ዞር ብሎ «ያ ነገር ገብቶሃል?» ይላል። «እኔማ አልገባኝም።» «እንዴ፣ እኔ እኮ እንዲህ መስሎኝ...» ክርክር ይጀመራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ እጅ ሲወጣ «እኛ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አልተስማማንም» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ጥያቄው የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የጠረጴዛው ሆኗል፤ የሚያፍር የለም። ባለቤቱም በዚያች ሩብ ሰዓት ገበያውን ሠርቷል።

ከዚያ 45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ጥያቄ ነው። ይህን የሚመራ ሰው ከእናንተ መካከል ይመደብ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ከኋላ ካለ ጠረጴዛ ይቀበል። ማይኩን ለጠያቂው አሳልፎ አይስጥ፣ በእጁ እንደያዘ ያስጠጋለት። የሰጡት ማይክ በቀላሉ አይመለስም፤ ጥያቄ ሳይሆን ንግግር ይዞ የመጣ ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። ለእሱ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ጥያቄዋን በአንድ ዐረፍተ ነገር?» የምትለዋ ትበቃለች። ሞቅ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ከደገመ አጠገቡ ሄዶ መቆም ከመከራከር ይሻላል።

ርዕሱ ጤና ከሆነ አንድ ሰው የራሱን ሕመም ማውራት መጀመሩ አይቀርም። ሕዝብ ፊት መልስ አይሰጠው። «ስንጨርስ ለብቻ ተነጋገሩ» በሉ፣ ተናጋሪዋም ሐኪሙን እንዲያማክር ትንገረው። መልሱን ካላወቀች «አላውቅም» እንድትል ቀድማችሁ ንገሯት። ቤቱ ያን መልስ ይወደዋል። አንዴ «ይኼን እኮ እስካሁን ማንም አያውቅም» የሚል መልስ ተሰጥቶ ጭብጨባ ሰምቻለሁ።

ሰዓቱ ሲደርስ ጥያቄ ባያልቅም ዝጉ። ሰው መብራት እስኪጠፋ ቁጭ ብሎ ቢያወራ ደስታችሁ ነው፣ ተናጋሪዋን ግን ነጻ አውጧት።

ባለቤቱን አመስግኑና ገበያው እንዴት እንደነበር ጠይቁ። ያማረረው ነገር ካለ ያኔውኑ ስሙት። ሰው ሳይበተን የሚቀጥለውን ቀን ማይክ ላይ ተናገሩ። እኔ አሁን ቀኑን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። ወደ ባንኮኒው ዞር ብዬ «ያን ቀን ጨዋታ አለ?» እላለሁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው እዚያ ጠፍቶ አያውቅም።